ሆን ብላ መሬት የምትይዝ መርከብ

ጣና ላይ ጀልባ የሚነዳ ሰው ከምንም በላይ የሚፈራው መሬት መያዝን ነው። ማዕበሉን ለምዶታል፣ ከሰዓት በኋላ ንፋስ እንደሚነሳ ስለሚያውቅ በጠዋት ይወጣል፣ እምቦጩንም እየተሳደበ ያልፈዋል፣ ደረቅ ላይ ወጥቶ መቅረት ግን፣ በተለይ በጋ ላይ ውሃው ሲሸሽ፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ከነካማ ያው እኔ ጋ ነው የሚመጣው፣ ሥራዬ የጀልባ ሞተር ጥገና ስለሆነ። ታዲያ ቱሪስት ከቀነሰ ወዲህ ሥራው ቀዝቀዝ ሲል ዩቲዩብ ላይ ስዞር አንዲት መርከብ ያዘችኝና አልለቅ አለችኝ። 100 ሜትር ርዝመት፣ 15 ሜትር ወርድ፣ ከነጭነቷ ወደ 4,000 ቶን፣ እና ይቺ ሁሉ ብረት የተሠራችው ሆን ብላ በሞተሯ እየገፋች አሸዋ ላይ እንድትወጣ ነው። ወይ ጉድ አልኩ።

ኤል ኤስ ቲ ይሏታል (ላንዲንግ ሺፕ ታንክ፣ ታንክ አውራጅ መርከብ ማለት ነው)፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ታንክ ጭና ወደብ በሌለበት ዳርቻ የምታወርድ የአሜሪካ መርከብ ነች፣ የኔዋ ደግሞ ቁጥሯ 325 ነው። ስም አልሰጧትም፣ ቁጥር ብቻ። ስለሷ የሚወራው ሁሉ ኖርማንዲ ኖርማንዲ ነው (ጦሩ ከባሕር የወረደበት የፈረንሳይ ዳርቻ)፣ ፊልሙም ፎቶውም ያው በሯን ከፍታ ታንክ ስትተፋ ነው የሚያሳየው። እኔን ግን የያዘኝ መመለሷ ነው። ዳርቻ ላይ መውጣትማ ማንም ሰካራም ካፒቴን ይችለዋል። (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምህረት በሙሉ በፈረንጅ ነው፣ የኛን ስጽፍ እናገራለሁ።)

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ወደ ደቅ የሚሄድ የሕዝብ ጀልባ መሳፈር ይበቃል። አንዳንዱ ቦታ ደህና ማውረጃ የለም፣ ካፒቴኑ አፍንጫዋን ዳርቻው ላይ ያስጠጋና ሞተሩን ሳያጠፋ ቀስ አድርጎ ወደፊት እየገፋ ይይዛታል፣ ሳንቃ ይዘረጋል፣ ሰው ይወርዳል። ሰው ግን መች ተራ ይጠብቃል፣ ሁሉም ጆንያውን ዶሮውን ልጁን ይዞ ወደፊት ይጎርፋል፣ ያኔ አፍንጫዋ ይከብድና ጭቃው ውስጥ ትቀረቀራለች። ረዳቱ ይጮሃል፣ «ኧረ ወደ ኋላ! ወደ ኋላ በሉ እናንተ ሰዎች!»። ሰው እያጉረመረመ ወደ ኋላ ሲሸሽ አፍንጫዋ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ውሃው ከሥሯ ሲገባ እግራችሁ ሥር ይሰማችኋል፣ ከዛ ካምቢዮውን ወደ ኋላ ከቶ መውጣት ነው።

ኤል ኤስ ቲም ይሄንኑ ነው የምታደርገው፣ በሰው ፋንታ ውሃ ነው የሚመላለሰው። ከሥሯና ከጎኗ ትልልቅ ባዶ ጋኖች አሉ፣ ባላስት የሚሉት። ሰፊው ባሕር ላይ ስትሆን የባሕር ውሃ በፓምፕ ትሞላቸዋለች፣ ትከብዳለች፣ ትሰምጣለች፣ ስለዚህ ማዕበሉ እንደ ቡሽ አያንከባልላትም (እሱም ቢሆን ሆዷ ጠፍጣፋ ስለሆነ እንደ ልቧ ትንከባለላለች፣ የተሳፈረ ወታደር ሁሉ ያስመለሰባት መርከብ ነች)። ዳርቻው ሲቀርብ ፓምፑን ገልብጦ ውሃውን መትፋት ነው። ያኔ ቀላል ትሆናለች፣ ፊቷ ከ1 ሜትር ትንሽ በለጥ ያለ ውሃ ብቻ ይበቃዋል፣ ኋላዋ ወደ 3 ሜትር። ይሄ ቁልቁለት እኮ በድንገት የመጣ አይደለም፣ የዳርቻው አሸዋ ወደ ውስጥ ሲገባ ከሚያዘቀዝቀው ጋር እንዲገጥም ተብሎ ነው። ዋነኛው ነገር ደግሞ ፕሮፔለሮቹ ኋላ ጥልቁ ውሃ ውስጥ ይቀራሉ፣ አሸዋ አይነኩም። እኔ ስንት ፕሮፔለር ቀጥቅጬ አቅንቻለሁ፣ ይሄን ሳይ ባርኔጣዬን ነው ያወለቅኩት።

ሁለተኛው ብልሃት መልህቁ ነው። ሌላ መርከብ ዋናው መልህቁ ፊት ነው፣ ይቺ ኋላዋም ላይ አላት። ወደ ዳርቻው እየገሰገሰች ሳለ፣ ገና ጥልቅ ውሃ ላይ እያለች፣ የኋላውን መልህቅ ትጥላለች፣ ገመዱን እየለቀቀች ትሄዳለች፣ አሸዋው ላይ ትወጣለች፣ በሯን ከፍታ ታራግፋለች፣ ሲያልቅ ሞተሩን ወደ ኋላ ሰጥታ በዊንቹ (ገመድ በሚጠቀልለው ማሽን) ራሷን በራሷ ትጎትታለች። በቃ። ገና ሳትወጣ መመለሻዋን ነው የምታስረው።

ይሄን ለሰፈራችን ለአንድ ጋሼ ስነግራቸው ሳቁብኝ። በደርግ ጊዜ ባሕር ኃይል ነበሩ፣ ምፅዋ፣ ላንዲንግ ክራፍት ላይ፣ ዊንች ያዥ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል ግን ሐይቁ ዳር ቡና ሲጠጡ ስለ ባሕር የሚያወራቸው የለም፣ ሰው የሚጠይቃቸው ስለ ኪራይና ስለ ዘይት ዋጋ ነው። ስልኬን ሰጥቼ ቪዲዮውን አሳየኋቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን አፍንጫቸው ሥር ወስደው ዝም ብለው አዩና

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ገመድ ሲላላ አየኸው?» አሉኝ።

«የቱ ጋሼ?»

«ከኋላ። አሁን ማዕበሉ ከጎን ቢመታት አሸዋው ላይ ትጋደማለች፣ ጎኗን ትሰጣለች፣ ከዛ አለቀላት። ገመዱ ሁልጊዜ መወጠር አለበት። ፊት ያለው ሰው ታንክ ሲያወርድ ፎቶ ይነሳል፣ ኋላ ያለው እሷን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። እኔ ኋላ ነበርኩ።»

ከዛ በኋላ ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ኋላዋን ነው የሚፈልገው።

እንዴት ተፈጠረች ላላችሁ፣ ነገሩ የሚጀምረው በ1940 ነው፣ እንግሊዞች ፈረንሳይ ካለችው ከደንከርክ ወታደሩን አተረፉ ከባዱን መሣሪያ ግን ዳርቻው ላይ ጥለው መጡ። ቸርችል ታንክ ጭኖ የትኛውም ዳርቻ የሚያወርድ መርከብ አምጡ አለ። መጀመሪያ ያደረጉት ምን መሰላችሁ፣ ቬንዙዌላ ውስጥ ማራካይቦ ሐይቅ ላይ ነዳጅ የሚያመላልሱ ሦስት መርከቦችን ወስደው ፊታቸውን ቀደው በር ሠሩላቸው። ለምን እነሱን፣ የማራካይቦ መግቢያ ጥልቀት ስለሌለው እነሱም ከመጀመሪያው ጥልቀት ለሌለው ውሃ የተሠሩ ስለነበሩ። እንግዲህ የዚች መርከብ አያት የሐይቅ ልጅ ነች ማለት ነው፣ የጣና ሰው ይሄን ሲሰማ ትንሽ ቢኮራ አይፈረድበትም።

ከዛ ነገሩ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በኖቬምበር 1941 ጆን ኒደርሜየር የሚባል የባሕር ኃይሉ የመርከብ ንድፍ ባለሙያ የእንግሊዞቹ ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ ደረሰ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አንድ ንድፍ ጫር ጫር አደረገና ላከላቸው፣ ዋናው ሐሳብ ያ የባላስቱ ነገር ነው፣ ከሰርጓጅ መርከብ የተወሰደ። ብዙም ሳይለወጥ ተሠራ። ጦርነቱ እስኪያልቅ 1,051 መርከብ።

ሲሠሩ በር ተዘግቶ ሁሉንም ታንክ አስነስቶ ማን ይተነፍሳል የሚል ጥያቄም መጣ። ሆዷ ውስጥ ወደ 20 ታንክ ይገባል፣ ዳርቻ ሊደርሱ ሲሉ ሁሉም ሞተር ይነሳል፣ ጭሱ ሰው ይገድላል። ይሄን ለመሞከር ኬንታኪ ውስጥ ፎርት ኖክስ፣ ባሕር ከቶ በሌለበት የየብስ ሀገር፣ የመርከቧን ሆድ የሚያክል ቤት ሠርተው ታንክ እያስገቡ እያስነሱ ቬንትሌተሩን ፈተሹት። ቤቱ ከጦርነቱ በኋላም አልፈረሰም። ጋራዥ ውስጥ በር ዘግቶ ሞተር የሚሞክር የሙያ ባልደረባ ካለ ይሄን ያንብብልኝ።

የተሠሩበት ቦታ ደግሞ ሌላው ጉድ። የባሕር ዳርቻ ያሉት ትልልቅ መርከብ መሥሪያዎች አውሮፕላን ተሸካሚና ሌላ ትልልቅ መርከብ ተይዞባቸዋል፣ ስለዚህ ብዙዎቹ ኤል ኤስ ቲ የተሠሩት መሐል አገር ወንዝ ዳር ነው፣ ኢንዲያና፣ ኢሊኖይ፣ ፔንስልቬንያ፣ የበቆሎ እርሻ አጠገብ። ኢቫንስቪል የምትባል የኦሃዮ ወንዝ ከተማ ብቻዋን 167 ሠርታለች። ሠራተኛው ባሕር አይቶ የማያውቅ ገበሬና የቤት እመቤት ነበር፣ ብየዳ አስተምረው አስገቧቸው፣ ሴቶቹ በያጆች ብዙ ነበሩ። አልቃ ወንዝ ላይ ትገባና ኦሃዮን ወርዳ ሚሲሲፒን ወርዳ ኒው ኦርሊንስ ላይ ባሕር ታያለች። መጀመሪያ አንዷን ለመጨረስ ወራት ይፈጅ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ወር ገደማ ሆነ።

ይሄን ሳነብ ጣናነሽ ሁለት ትዝ አለችኝ፣ ከጅቡቲ ተነስታ በየብስ በተሳቢ ላይ ተጭና ተራራውን ድልድዩን እያለፈች ባህር ዳር እስክትደርስ ሀገር ሁሉ በስልኩ ይከታተላት ነበር፣ እዚህማ ሰው ሊቀበላት ወጥቶ እልል ብሏል። እኛ ወንዛችን ወደ ታች የሚወርደው ጢስ ዓባይ ላይ ተወርውሮ ስለሆነ መርከብ በወንዝ አይመጣልንም። አንዳንዴ ማታ ላይ ሳስበው፣ 325ን ጣና ላይ ብናመጣት ትንሳፈፋለች ወይ? ትንሳፈፋለች። ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ እሷ ባሕር ላይ ጭነቷን ይዛ እንኳ ከ5 ሜትር በታች ነው የምትፈልገው። ግን 15 ሜትር ወርድ ያላት መርከብ በየትኛው አስፋልት ትመጣለች፣ እሱን ተዉት።

ስለ ሞተሯ ካላወራሁማ ምኑን መካኒክ ሆንኩ። ሁለት ናፍጣ ሞተር ነው ያላት፣ ጀነራል ሞተርስ፣ 567 የሚባለው፣ ቪ 12፣ እያንዳንዱ 900 የፈረስ ጉልበት። 567 ዋና ሥራው ባቡር መጎተት ነው፣ አሜሪካ ውስጥ የነበረው የናፍጣ ባቡር ግማሹ በሱ ነው የሚሄደው ብትሉ ብዙ አላጋነናችሁም። ለባቡር የተሠራ ሞተር መርከብ ላይ ማስገባት ብልጠት ነው፣ መለዋወጫው በየቦታው አለ፣ የሚያውቀው መካኒክም በየቦታው አለ። ለፍጥነት ግን አይሆንም፣ በ4,000 ቶን ላይ 1,800 ፈረስ ምን ያደርጋል፣ ቢበዛ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ነው ወታደሮቹ ሦስቱን ፊደል ወስደው «ላርጅ ስሎው ታርጌት»፣ ትልቅ ዘገምተኛ ኢላማ ብለው የፈቷት።

ስሙ ቀልድ ብቻ አልነበረም። በኤፕሪል 28፣ 1944 እንግሊዝ ዳርቻ ላይ ለኖርማንዲ ሲለማመዱ የጀርመን ፈጣን ቶርፔዶ ጀልባዎች በሌሊት ገብተው ሁለት ኤል ኤስ ቲ አሰጠሙ፣ ሌላም መቱ፣ ወደ 750 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ልምምድ ላይ እኮ ነው። ለረጅም ጊዜም አፍነው ይዘውታል። ከዛ ወር ሳይሞላ ፐርል ሃርበር ውስጥ ዌስት ሎክ የሚባል ቦታ ተጠጋግተው ቆመው ጥይት ሲጭኑ አንዷ ላይ ፈነዳ፣ ስድስት ኤል ኤስ ቲ ተቃጥለው ሰመጡ፣ 163 ሰው። ያኔ እያንዳንዷ እንደ ወርቅ ነበረች፣ የኖርማንዲ ዘመቻ ከሜይ ወደ ጁን የተገፋው አንዱ ምክንያት ተጨማሪ የአንድ ወር ምርት እንዲደርስ ነው፣ የደቡብ ፈረንሳዩ ደግሞ መርከብ ስላልበቃ እስከ ኦገስት 15 ቆየ።

ወደ 325 እንመለስ። የተሠራችው ፊላደልፊያ ነው፣ በኦክቶበር 1942 ውሃ ነካች፣ ፌብሩዋሪ 1፣ 1943 ሥራ ጀመረች፣ በፀደዩ አልጄሪያ ነበረች፣ በጁላይ ጣልያን ሲሲሊ፣ በሴፕቴምበር እዛው ጣልያን ሳሌርኖ። እነዚህን በሩጫ የማልፋቸው ቀላል ስለነበሩ አይደለም፣ የኔ ነገር ከዚህ በኋላ ስለሚመጣ ነው።

ጁን 6፣ 1944 ኖርማንዲ ላይ የመጀመሪያው ማዕበል ውስጥ አልነበረችም፣ ኦማሃ ለሚባለው ዳርቻ ከደጀኑ ጋር ነበረች፣ የደረሰችው በማግስቱ ነው። በዛ ጉዞ 59 መኪና፣ 30 መኮንን፣ 396 ወታደር ይዛለች። መኪኖቹ የሚጫኑት በማርሽ ኋላ ነው፣ ሲደርሱ በፊታቸው እንዲወጡ፣ ወለሉ ላይ ደግሞ በሰንሰለት ይታሰራሉ። ያን ቀን ዳርቻው በተሰባበረ ብረትና በፈንጂ ስለተሞላ አልወጣችም፣ እዛው ባሕሩ ላይ ቆማ ነው በትናንሽ ጀልባዎችና ውሃም የብስም በሚሄዱ መኪኖች ያራገፈችው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ያ የምወደው ፎቶ መጣ። ጁን 12። እዛ ያለው ባሕር እንደ ጣና አይደለም፣ የኛ ሐይቅ በክረምት ይሞላል በበጋ ይጎድላል፣ የነሱ በቀን ሁለት ጊዜ በብዙ ሜትር ከፍ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ አዛዦቹ ውሃው ሲሸሽ መርከቧ ደረቅ ላይ ብትቀር ወገቧ ይሰበራል ብለው ፈርተው ነበር። ከዛ ጭነቱ ሲጣደፍ ሞከሩት። ውሃው ሞልቶ እያለ ትወጣለች፣ ውሃው ይሸሻል፣ ሙሉ መርከብ አሸዋ ላይ እንደ ትልቅ ሕንጻ ተገትራ ትቀራለች፣ በሯን ትከፍታለች፣ መኪናው ጎማው ሳይረጥብ ይወጣል፣ ውሃው ተመልሶ ሲመጣ ተንሳፍፋ ትሄዳለች። ፎቶው ላይ 325 ደረቅ ላይ ቆማለች ሆዷ ጠፍጣፋ አሸዋው ላይ ተለጥፎ፣ ከፊቷ መኪናና ሰው፣ ውሃ የሚባል አጠገቧ የለም። አንድም ሰው ደንግጦ አይታይም። ለኔ ይሄ ከታንኩ ሁሉ ይበልጣል። ጣና ላይ ሰው ሌሊቱን ጸሎት የሚያደርስበትን ነገር እነሱ የሥራ ሰዓት አደረጉት።

ስትመለስስ ባዶ መሰለቻችሁ? ከመጀመሪያው ጉዞዋ ስትመለስ 38 ቁስለኛ ይዛ ነው እንግሊዝ የገባችው። የታንክ ሆድ ነው፣ ዘይትና ጭስ የሚሸት፣ ግድግዳው ላይ ቃሬዛ ይሰቀላል፣ ሐኪም ይገባል፣ ሆስፒታል ይሆናል። በሄደችበት ታንክ፣ በመጣችበት ቁስለኛ። ከዛ ደግሞ ሌላ ጭነት፣ ደግሞ ሌላ። በሚቀጥሉት ዘጠኝ ወራት ከ40 ጊዜ በላይ ነው የእንግሊዝን ቻነል፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መሐል ያለውን ባሕር፣ የተመላለሰችው፣ ኦማሃ፣ ዩታ፣ ጎልድ፣ ጁኖ ወደሚባሉት የኖርማንዲ ዳርቻዎች፣ አንዳንዴም በሴን ወንዝ ሽቅብ ሩዋን ከተማ ድረስ። ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የሚገባው አንዱ ነው፣ የተቀረው ነዳጅ ሙላ፣ ባላስት ሙላ፣ ባላስት ድፋ፣ መልህቅ ጣል፣ ሰንሰለት ፍታ፣ ዊንች ጠምዝዝ ነው። ጦርነቱን ግን የመገበው ይሄኛው ነው ባይ ነኝ፣ ሊከራከረኝ የሚፈልግ ካለ ይምጣ።

ዲሴምበር 28፣ 1944 ኢምፓየር ጃቨሊን የሚባል ወታደር የጫነ የእንግሊዝ መርከብ ቻነሉ ላይ ተመቶ ሲሰምጥ 325 ደርሳ ወደ 700 የሚሆን ሰው በማትረፍ ረድታለች፣ ካፒቴኗም ተሸልሞበታል። ታንክ ለማውረድ የተሠራች ነች ያልነው እንግዲህ ሰው መሸከሙንም ለምዳዋለች።

በሜይ 1945 አውሮፓ ላይ ጦርነቱ አልቆ ወደ ቤት ስትመለስ ደግሞ ልትሞት ነበር። ከሰሜን አየርላንድ ቤልፋስት ተነስታ አትላንቲክ ላይ ከባድ ወጀብ ያዛትና አንድ ትልቅ ማዕበል በአፍንጫዋ ገጨች፣ የላይኛው ወለል ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀ መርከብ መሐል ውቅያኖስ ላይ! በያጆቹ ወጡና መርከቧ እየተወዛወዘች ብረት እየለጠፉ ስንጥቁን በየዱት። እኔ እዚህ ጀልባ ምሰሶ ላይ ታስራ እንኳ ማዕበል ሲያናውጣት ብየዳው መስመር ይስትብኛል፣ እነዛ ሰዎች በምን እጅ እንደሠሩት እንጃ። ብቻ ይዞላቸዋል፣ ከወሩ መጨረሻ በፊት ባይሆንም በመጨረሻው ቀን ኖርፎልክ ገባች።

ከዛ በ1946 ፍሎሪዳ ውስጥ አስረው አስቀመጧት። በ1951 ቀስቅሰው ወደ ሰሜን ላኳት፣ ካናዳና ግሪንላንድ፣ በረዶ ሀገር፣ የራዳር ጣቢያ ሲሠራ ዕቃ ለማመላለስ፣ እዛም ወደብ የለማ። በ1964 ለግሪክ ባሕር ኃይል ተሰጠች፣ ሲሮስ ተባለች፣ መቼም ለመጀመሪያ ጊዜ ስም አገኘች፣ እና 35 ዓመት አገለገለች። አስቡት፣ በአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ከሠራችው ይልቅ በግሪክ የሠራችው ይበልጣል። ለአንድ ጦርነት ተሠርታ፣ ብትሰምጥም ሌላ አለን ተብላ የተሠራች መርከብ።

በ1999 መጨረሻ ግሪኮቹ አሰናበቷት። ያኔ ነው ሽማግሌዎቹ የመጡት። ድሮ በኤል ኤስ ቲ ላይ ያገለገሉ የአሜሪካ ጡረተኞች ማኅበር አንዷን ሙዚየም እናድርግ ብሎ ሲፈልግ ቆይቶ በ2000 ክረምታችን ላይ፣ እዛ በጋ ነው፣ ሙቀቱ ድስት ያፈላል፣ ቀርጤስ ደሴት ሄደው ሱዳ ወደብ ውስጥ ሞተሯን ፈቱ ገጠሙ፣ ቧንቧ ቀየሩ፣ ዝገት ፋቁ። አንዱ እዛው ግሪክ እያለ ሞተ። የቀሩት በኖቬምበር ተነሱ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 72 ዓመት፣ የመርከቧ ዕድሜ 58፣ ጂብራልታር ቆም ብለው አትላንቲክን በክረምቱ ቆረጡትና በጃንዋሪ 10፣ 2001 አላባማ ውስጥ ሞቢል ወደብ ገቡ። ዳርቻው ላይ ሕዝብ ጢም ብሎ ሲጠብቃቸው ቪዲዮው አለ፣ ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን እያውለበለቡ።

ይሄኛውን ቪዲዮ ለጋሼ ሳሳያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ጨምርልኝ አሉ።

ከዛ በፊት ስለራሳቸው መርከቦች ብዙም አያወሩም ነበር። የኛ ባሕር ኃይልም እኮ ታንክ አውራጅ ነበረው፣ በሶቪየት በኩል የመጡ፣ ፖላንድ ግዳንስክ የተሠሩ፣ ፖልኖችኒ የሚባሉት፣ ከ325 የሚያንሱ ሥራቸው ግን ያው የሆነ። ምፅዋ በየካቲት 1982 በኛ አቆጣጠር በሻዕቢያ እጅ ስትገባ ባሕር ኃይሉ ዋና ቤቱን አጣ፣ በግንቦት 1983 ደግሞ የቀሩት መርከቦች ወደ የመንና ሳውዲ ተሻገሩ። ከዛ በኋላ መርከቦቹ አንዱ ዛገ አንዱ ተሸጠ፣ ባሕር ኃይሉም ራሱ ፈረሰ። የግሪክ ሲሮስን ታሪክ ስነግራቸው ጋሼ ያሉት «አየህ፣ እሷን የሚቀበላት ወደብ ነበራት» ብቻ ነው፣ ቡናቸውን ጠጡ። ስለ ፖለቲካው የሚሉት ነገር ቢኖር ለኔ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ስለ ሽማግሌዎቹ ግን ብዙ አሉ። መጀመሪያ ሞተሩን ማን እንደያዘ ጠየቁኝ፣ ቀጥሎ መሪውን፣ ቀጥሎ በሌሊት ተራ እንዴት እንደተከፋፈሉ።

«ሰባ ሁለት ዓመት? ልጆች ናቸዋ!» አሉ።

«እርስዎ ቢሆኑ ይሄዱ ነበር ጋሼ?»

«እሄዳለሁ እንጂ። ጉልበቴ መሰላል ላይ እንቢ ይላል፣ ዊንች ላይ ቆሞ ገመድ ማየት ግን ዓይን ነው የሚፈልገው።»

አሁን መርከቧ ያለችው ኢቫንስቪል ነው፣ ከ2005 ጀምሮ። ፊላደልፊያ ተሠርታ ኢቫንስቪል እንግዳ ነች፣ ያቺ 167 የሠራች ከተማ ግን አንዷንም አላስቀረችም ነበርና የሌላ ሰው ልጅ አሳደገች ማለት ነው። ሙዚየም ብትሆንም የቆመች እንዳትመስላችሁ፣ በየዓመቱ ወንዙን ይዛ ትወጣለች፣ ከተማ ለከተማ እየዞረች ሰው ያያታል፣ በነዛው በሁለቱ የባቡር ሞተሮች። የሞተሩን ክፍል ቪዲዮ አይቼዋለሁ፣ ቢጫ መብራት፣ ጠባብ መተላለፊያ፣ አንድ ሸምገል ያለ ሰው ጆሮውን ሸፍኖ በጨርቅ የዘይት መስመር እየጠረገ፣ ማስነሻው ሲለቀቅ ቫልቮቹ መጀመሪያ ሲያንኳኩ ከዛ ሲስተካከሉ ይሰማል። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነው የሰማሁት፣ ባለቤቴ የምን ወፍጮ ቤት ነው ያስገባህብን እስክትል።

የጋሼ ልጅ አትላንታ ነች። ከአትላንታ ኢቫንስቪል በመኪና ስንት ሰዓት ነው ብለው ጎግል ማፕ ላይ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው አልኳቸው። ከባህር ዳር አዲስ አበባ ከመሄድ ያነሰ ነው እኮ ጋሼ፣ ቪዛ ይጠይቁና ይሂዱ ስላቸው፣ «ኤምባሲው መስኮት ላይ ሲጠይቁኝ ምን ልበል፣ ዊንች ልጎበኝ ነው ልበል?» ብለው ሳቁ። ማግስቱን ግን ልጃቸውን ደውለው የመርከቧን ቁጥር አስጽፈዋታል፣ 325፣ የኋላውን ፎቶ አንስታ እንድትልክ፣ የፊቱን አይደለም።